ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳያገባ

ማቴዎስ፣

ከሁሉ በፊት ስለ እኔ የሚወራውን ላርም። አስቴር ባሏ ከሞተ ወዲህ አእምሮዋን ስታ፣ ከቤቷ ጠፍታ፣ ሀገረ ሰላም መንገድ ዳር ስትንከራተት ተገኘች ይላሉ። ሐሰት ነው። አልጠፋሁም፤ የት እንዳለሁ አውቅ ነበር። አልተንከራተትኩም፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። አልተገኘሁምም፤ የሚገኘው የጠፋ ነው። የተከራየሁት ክፍል ነበረኝ፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ጫማዬም ተወልውሎ ነበር። ይህን በሰፈሩ እየዞርኩ ማስረዳት ስለማይገባኝ ለአንተ እጽፈዋለሁ። አንተ ደግሞ ከማንም ይልቅ ልትሰማው ይገባል። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ፤ ስመጣበትም አልምርህም።

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት አልፎ መስከረም ጠባ። ከሙታን ጋር መነጋገር ቃሉ አይፈቅድም ብለው የሚገሥጹኝ የቤተ ክርስቲያን እህቶች አሉ። እኔ ግን አልጠራሁህም፤ መልስም አልጠብቅም። ደብዳቤ ነው። በሕይወት ሳለህም እኔ ስናገር ጋዜጣህን ዘርግተህ "እ" ከማለት ሌላ መልስ አልነበረህም፤ ስለዚህ ብዙ የተለወጠ ነገር የለም።

በቤታችን የተለወጠውን ልንገርህ። የፊተኛውን ክፍል ልጃችን ሰናይት ለሁለት የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች አከራየችው። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣሉ፣ ሲመለሱ በር አያንኳኩም፣ እግራቸውን ጠርገው ይገባሉ። ከገዛ ልጆቼ ይሻላሉ ብዬ እንዳልጽፍ ብዕሬን እየያዝኩ ነው። መንገዱ ሰፍቶ አጥራችን ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አቮካዶው ከአጥሩ ውጭ ቀርቶ አሁን የመንገደኛ ሆኗል። ወንድሟ ብሩክ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው ሆቴል ጋር ተዋውሎ እንግዳ በመኪና ያስጎበኛል፤ መኪናዋ ነጭ ናት፣ ጎኗ ላይ ዓሣ የያዘ ወፍ ተሥሎባታል። ሰናይት መሃል ከተማ እዚያው መሥሪያ ቤቷ ናት፤ አሁን የራሷ ቢሮ አላት። ሁለቱም ይወዱኛል። ይህን ሁሉም ሰው ይነግረኛል፤ ክስ ባቀረብኩ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ ይኸው ነው፤ "ስለሚወዱሽ እኮ ነው።"

ያንን ነገራችንን አልረሳህም። በየዓመቱ በአጋማሽ ዓመቱ እረፍት፣ የተማሪዎቼን ካርድ ሞልቼ እንዳስረከብኩ፣ ልጆቹን እህትህ ጋ ትተን አንድ ትንሽ ከተማ እንሄድ ነበር። ለወባ መድኃኒት ርጭት ስትዞር ያየሃቸውን ወይም በወሬ የሰማሃቸውን፣ ማንም "ሄጄ ልይ" የማይላቸውን ከተሞች መርጠህ ታመጣለህ። ዳዬ። ቦና። ቡሌ። ሕጉን ያወጣነው አብረን ነው፦ ዘመድ ያለበት ከተማ አይኬድም፤ የምንመለስበት ቀን አይነገርም፤ ከከተማው አንድ ሰው መንገድ ላይ በስማችን ሳይጠራን አንወጣም።

የመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ አስቸጋሪ ነበር። ሕዝቡ ያየናል፣ እኛም እናየዋለን። በማግስቱ "ምን ፈልጋችሁ ነው?" ይሉናል። ከዚያ ወዲያ መጠየቁን ይተዉና ሥራ ያዝዙናል። ዳዬ ላይ ልብስ ሰፊው የብርድ ልብስ ጨርቁን ጫፍ እንድትይዝለት ጠራህ፤ ይዘህ ቆመህ ሳለ ደንበኛ መጣበት፣ ወሬ ያዘ፣ አንተን ረሳህ፤ አንተም ጨርቅ እንደያዝክ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ለምን አልለቀቅከውም ብልህ "መሬት ይነካላ" አልከኝ። ቦና ላይ ቲማቲም ሻጯ ልጇን ልታጠባ ስትሄድ መደቧን ለእኔ ትታ ሄደች፤ በሕይወቴ ከሰጠሁት ትምህርት ሁሉ ይልቅ ያን ጠዋት ቲማቲም ስሸጥ ተከበርኩ። ስንመለስ "ምን አያችሁ?" ቢሉን የምንለው አልነበረንም። ፏፏቴ አላየንም። ፎቶ አላነሣንም። ግን ቡሌ ላይ ጭጋጉ ከየትኛው ጉብታ ተነሥቶ ወደ የትኛው ቤት ደጅ አስቀድሞ እንደሚደርስ ዛሬም ልሥልልህ እችላለሁ። አገርን ሳስተምር የኖርኩት በካርታ ነው፤ ያወቅሁት ግን አልቤርጎ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው።

አሁን ወደ አንተ ጥፋት ልምጣ።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ ለምን አልነገርካቸውም? ዝም ብትል እንኳ ይሻል ነበር፤ አንተ ግን ዋሸህ። "አባዬ የት ልትሄዱ ነው?" ሲሉህ "ለሥራ፣ ለወባ ሥራ።" እናታቸው የወባ ሠራተኛ ናት? በቡሌ ብርድ፣ ትንኝ ክንፏን መዘርጋት በማትችልበት ደጋ፣ ምን ዓይነት ወባ ነው ያለው? እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ይህ ሲነገር ቃል አልተነፈስኩም፤ ባል በልጆቹ ፊት አይታረምም ተብዬ ነው ያደግሁት። ጡረታ ከወጣህ በኋላ ደግሞ "የሚጠየቅ በሽተኛ አለ" ማለት ጀመርክ። ስንት በሽተኛ ጠየቅን ማቴዎስ! አገር ምድሩን በሽተኛ አደረግከው። አፍረህ ነው፤ አውቃለሁ። ትልቅ ሰው ያለ ጉዳይ፣ ያለ ለቅሶ፣ ያለ ሰርግ ይሄዳል ቢሉህ ፈርተህ ነው። የአንተ እፍረት ግን ዛሬ የወደቀው በእኔ ላይ ነው። አንተ ምስክሬ ነበርክ፤ ምስክሬ ሞተ፤ የሞተውም ቃሉን ሐሰት አድርጎ ነው።

ሀገረ ሰላምን "አንድ ቀን" ስትል ነው የሞትከው። እኔ ደግሞ አንድ ቀን የሚባል ቀን በየትኛውም አቆጣጠር አላገኘሁም። ስለዚህ ባለፈው ወር ለሰናይት በስልክ ነገርኳት።

"ልሄድ ነው" አልኳት።

"ማን ሞተ?" አለች።

"ማንም።"

"ማን አገባ ታዲያ?"

"ማንም አላገባም።"

"ጉባኤ አለ?"

"የለም።"

"እና ለምንድን ነው የምትሄጂው እማዬ?"

"ልቀመጥ።"

"ውይ እማዬ፤ እዚህስ ተቀምጠሽ አይደል?"

"ስጨርስ እመለሳለሁ" ብዬ ዘጋሁት። የምመለስበትን ቀን አልነገርኳትም፤ ሕጋችን ስለሆነ፤ ከተማውንም አልጠየቀችኝ። እንዴት እንደሰማችው ኋላ ነው የገባኝ፦ ባሏ የሞተባት አሮጊት "ልሄድ ነው" ካለች፣ የምትሄድበትንም ካልተናገረች፣ ለልጅ ጆሮ ኑዛዜ ነው።

በባጃጅ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ በሚኒባስ፣ አለታ ወንዶ ላይ ሌላ መኪና ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ሽቅብ በሄደ ቁጥር የተሳፋሪው ልብስ ይወፍራል። ሀገረ ሰላም ስንደርስ ጭጋጉ ከተማውን ውጦት ነበር፤ ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ የሚፈላለገው በድምፅ ነበር። ጥሩ ነው አልኩ በልቤ፤ የሚታይ ነገር ስለሌለ የሚጎበኝ አይመጣም። ማርታ የምትባል ሴት አልቤርጎ ውስጥ መንገዱን የሚያይ ክፍል ያዝኩ። ማርታ አማርኛን የተማረችው በትምህርት ቤት ነው፤ ቤቷ የምትናገረው ሲዳምኛ ነው፤ ስለዚህ ቃል አታባክንም። "ዳኤ ቡሹ" ብላ ተቀበለችኝ፤ "ስንት ቀን?" አለችኝ፤ "አላውቅም" አልኩ፤ ዓይኗን ከእኔ ሳታነሣ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጨመረችልኝ።

ከበረንዳው ፊት ለፊት አንድ ሰው ቀርከሃ እየሰነጠቀ አጥር ይሠራ ነበር። ቀርከሃው ሲሰነጠቅ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምተህ ታውቃለህ? አንዴ ይጮኽና ከዚያ እስከ ጫፉ በሹክሹክታ ይሄዳል። ሁለት ጠዋት ሙሉ እርሱን ሰማሁ። ፈረሶች ጀርባቸው በጤዛ ርሶ ያልፋሉ። የገብስ ቆሎዬን በኪሴ ይዤ፣ ጥቁር ካፖርቴን ለብሼ፣ ራሴን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ካፖርቱን የለበስኩት ለብርዱ ነው። ይህን አስምርበት፤ ነገሩ የመጣው ከእርሱ ነውና።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሴቶች ከየቤታቸው ወጥተው ወደ በረንዳው መጡ። አንዷ ወተት ይዛለች፣ ሌላዋ ቆጮ በቅጠል ጠቅልላለች። ሰላምታ ሳይሰጡ፣ ሳይጠይቁ፣ በዙሪያዬ ተቀመጡ። ለካ ከተማው መክሮብኝ ኖሯል፦ አሮጊት፣ ጥቁር ልብስ፣ ብቻዋን፣ ጉዳይ የላትም፤ ይህች ሴት ለለቅሶ መጥታ የለቅሶውን ቤት ያጣች ናት። ማን እንደሞተ እየዞሩ ጠይቀው ሬሳ ቢያጡ፣ "እንግዲያስ ለቅሶው ራሷ ናት" ብለው መጡ።

ከሁሉ ያረጀችው ጉልበቴ ላይ እጇን አኖረች። "እናቴ፣ ማን ሞተብዎ?"

መዋሸት የአንተ ሙያ እንጂ የእኔ አይደለም። "ባለቤቴ" አልኳት።

"መቼ?"

"ሁለት ዓመት አለፈው።"

አንዲቱም "ታዲያ እስከ ዛሬ?" አላለችም። አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀችና "ሁለት ዓመት ትናንት ነው" አለች፤ ሌሎቹ ቀስ ብለው ማንጎራጎር ጀመሩ።

ሀዋሳ ላይ አላለቀስኩልህም። አይተህ ከሆነ አላውቅም። ድንኳን ተተክሎ፣ ድምፅ ማጉያ ቆሞ፣ ሰው በየተራው "ትጉህ ሠራተኛ፣ ቅን አባት" ሲልህ፣ እኔ የዕድሩ ሳህን እንዳይጎድል እቆጣጠር ነበር። "በርታ በርታ አለች" ብለው አደነቁኝ። ሀገረ ሰላም በረንዳ ላይ፣ ስምህን በማያውቁ ሴቶች መካከል ግን አለቀስኩ፤ ነጠላዬ እስኪርስ አለቀስኩ። ሲበቃኝ "እንዴት ያለ ሰው ነበር?" አሉኝ። "መንገድ የሚወድ ውሸታም" አልኳቸው። ሳቁ። ወተቱን ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። ያን ሰዓት ካሳለፍኩት ዕድሜ በአንዱም አልለውጠውም።

ያቺ ነጭ መኪና የመጣችው ይኼኔ ነው። ብሩክ፣ ሰናይት፣ አንድ ፖሊስ። ሰናይት ከመኪናው ወርዳ "እማዬ! እማዬ!" እያለች ስትሮጥ ሴቶቹ ለቀስተኛ መጣ ብለው ብድግ አሉ፤ እንደ ወጉ እየጮኹ ተቀበሏት። በመካከላቸው ስላላየችኝ ልጅቷ እኔ የሞትኩ መሰላት፤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማርታ ከጓዳ ወጥታ ብሩክ ፊት ቆመች።

"ልጅዋ ነህ?"

"አዎ፣ እኔ —"

"አባትህ ሞቶ ዛሬ ነው የምትመጣው? እናትህን ብቻዋን ሰው አገር ለቅሶ አስቀምጠህ?"

"ኧረ እትዬ፣ አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው!"

"ጭራሽ ሁለት ዓመት!" አለችው።

ፖሊሱ ቆቡን አውልቆ ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀመጠና ቆሎ ዘገነ። ከመጡት ሦስቱ የት እንደደረሰ የገባው እርሱ ብቻ ነው።

እኔን ግን አነሡኝ። ሻንጣዬን ሰናይት ራሷ ከክፍሉ አወጣችው። "ልሰናበታቸው" አልኩ፤ "ኋላ በስልክ ትደውይላቸዋለሽ" ተባልኩ። ለማን ነው የምደውለው? ስማቸውን ገና አልያዝኩም፤ እኔንም በስሜ የጠራኝ ሰው ገና አልነበረም። በመኪናው መስኮት ሳይ ሴቶቹ ቆመው ነበር፤ ለቅሶ ላይ ያለች ሴት ስትጎተት አይተው አያውቁም።

መንገድ ላይ ሰናይት ፌስቡክ ላይ ያወጣችውን አሳየችኝ፤ ሀገረ ሰላም ያየኝ ሰው የጠቆማቸው በእርሱ ነው። ፎቶዬ፣ ከታቹ "የአእምሮ ሕመም ያለባቸው እናታችን ጠፍተውብናል።" ዕድሜዬን ጨምራዋለች። ሻሼን ቀይ ብላዋለች፤ ቡናማ ነው። ይህን ይቅር እላለሁ። ያቺን ሐረግ ግን ማን ነገራት? "እንደዚያ ካልተባለ ሰው ቶሎ አይፈልግም እማዬ" አለችኝ፤ አለቀሰችም። ለሕዝብ ፍጥነት ሲባል እብድ ሆንኩ። ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ አንድ የድሮ ተማሪዬ ጎንበስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚናገሩት ቃሉን እየጎተተ፣ "ቲ-ቸር፣ ያ-ው-ቁ-ኛል?" አለኝ። "አውቅሃለሁ" አልኩት፤ "አዋሽ ባሕር ይገባል ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ።" ሳቀ፤ ሲሄድ ግን ጓደኛውን "አንዳንዴ ይመለስላቸዋል" ሲለው ሰማሁ።

ከዚያ ሰበሰቡኝ። እኔን፣ በገዛ ሳሎኔ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ተጠርቶ ነበር። እውነቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ዳዬን፣ ቦናን፣ ጨርቁን፣ ቲማቲሙን። ብሩክ በትዕግሥት ሰማኝና ምን አለ መሰለህ? "እማዬ፣ አባዬ እንደዚያ ዓይነት ሰው አልነበረም። እሱ ለሥራ ነበር የሚሄደው።" እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሽማግሌው "እንጸልይ" አለ። እነሆ ማቴዎስ፤ ሥራህ ይኸው ነው። በአንተ ውሸት እውነቴ የበሽታ ምልክት ሆነ።

ሲበተኑ ሰናይት መታወቂያዬን ከቦርሳዬ አወጣች። "ለጥንቃቄ እኔ ጋ ይቀመጥ" አለች። ያለ መታወቂያ የትኛውም አልቤርጎ ክፍል እንደማይሰጥ እርሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ካርዱን አይደለም የወሰደችብኝ፤ መንገዱን ነው። ከዚህ በኋላ ለሰርግና ለለቅሶ ብቻ፣ በሰው መኪና፣ በሰው ሰዓት የምትወሰድ ዕቃ ልሆን ነው።

ብሩክ ሊክሰኝ ብሎ እሑድ አስጎበኘኝ። በአንድ ቀን አራት ቦታ። ሥራው እንደዚህ ነው፤ "እንግዳ ጊዜ የለውም" ይላል። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ ወፎቹን አሳየኝ፤ ከእነርሱ ጋር አርጅቻለሁ እኮ! ከዚያ ጥብቅ ደን፣ ከዚያ ፍል ውኃ፣ ከዚያ ዕይታው የሚያምር ኮረብታ። በየቦታው "ቁሚ ላንሣሽ" እያለ ፎቶ አነሣኝ። ፍል ውኃው ጋ ልብስ የምታጥብ ሴት ወሬ ልትጀምረኝ አፏን ስትከፍት "እንሂድ እማዬ፣ ይመሽብናል" አለኝ። ማታ ቤት ሲያደርሰኝ "ደስ አለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። "መቼ ደረስን?" አልኩት። ቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ልጄ ክፉ አይደለም፤ ግን የሚሸጠው መድረስ ሳይሆን መውረድና መሳፈር ነው፤ ለእርሱ ስማቸው በወረቀቱ ላይ የሌለ ከተሞች ባዶ ናቸው። "እዚያ ምንም የለም እኮ" ይለኛል። ምንም በሌለበት ነበር እኔና አንተ ከተጋባን በኋላ በእውነት የተዋወቅነው።

ስለዚህ እንደ ድንኳኑ ንግግር አላስታውስህም። ትጉህ ሠራተኛ አልልህም፤ ለሥራ ብለህ ከወጣህበት ግማሹ ሥራ አልነበረም። የማስታውሰው አልቤርጎ በረንዳ ላይ ወንበርህን ወደ ፀሐይ እያዞርክ "ዛሬስ ምን እናድርግ?" ስትለኝ፣ እኔ "ምንም" ስልህ ደስ የሚልህን ሰው ነው። እርሱን እስክሞት ይዤዋለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉም እናገራለሁ፤ ለማይጠይቀኝም። ይቅርታህ ግን ገና ነው። ተራህ ሲደርስ አደርግልሃለሁ፤ ከፊትህ ሰናይት አለች።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው ይህ ነው። ተነሥቼ ፀጉሬን እሠራለሁ። ቡናማውን ሻሽ አሥራለሁ። መሥሪያ ቤት ሲከፈት መሃል ከተማ ሰናይት ቢሮ እገባለሁ፤ ተቀመጪ ብትለኝ አልቀመጥም፣ ሻይ ብታዝልኝ አልጠጣም። ባልደረቦቿ እየሰሙ፣ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ፣ መታወቂያዬን እጠይቃለሁ፤ እስክትሰጠኝም ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ክፍል ሙሉ ተማሪ ዝም እስኪል ቆሞ መጠበቅን የሚያስተምረኝ የለም። ስትሰጠኝ ሀገረ ሰላም እንደምሄድ፣ ማርታ የምትባል ሴት አልቤርጎ እንደማርፍ፣ የምመለስበትን ቀን እንደማላውቅ በግልጽ እነግራታለሁ። ልምጣ ካለች ትምጣ፤ ግን የምታድርበትን ልብስ ይዛ።

ባለቤትህ፣
አስቴር